ተነሥቶ የሚጠፋ ሞተር

ጨርሶ አልነሣም ያለ መኪና ይሻላል። እንዲህ ያለው መኪና ባለቤቱን አይደልለውም፤ ሰውየው ቁልፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ያዞራል፣ ዝም ሲለው ወርዶ ታክሲ ይጠራል፣ ነገሩም በዚሁ ያበቃል። ሰውን የሚያቃጥለው ተነሥቶ የሚጠፋው ነው። ግርር ብሎ ይነሣል፤ ባለቤቱ «ተመስገን» ብሎ ማርሽ ለማስገባት እጁን ሲዘረጋ ጸጥ ይላል። እንደገና ይነሣል፣ እንደገና ይጠፋል። ይህን የመሰለ ነገር የሰውን ጠባይ ያበላሻል። የእኔን ጠባይ እንዴት እንዳበላሸውና በዚያ ምክንያት በአንድ ምስኪን ልጅ ላይ ምን ዐይነት በደል እንደ ፈጸምሁ ልንገራችሁ። በዚያውም መኪና ያላችሁ አንባቢዎች፣ እኔ በኀፍረት የተማርሁትን ያለ ኀፍረት ትማሩበት ይሆናል።

ነገሩ የሆነው በሐምሌ ወር 1994 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ከደመወዜ እየቆጠብሁ፣ ከዘመድም እየተበደርሁ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1968 የተሠራች አንዲት ቮልስዋገን ገዝቼ ነበር። ስለ ቮልስዋገን ለአዲስ አበባ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሞተርዋ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት፣ ውሃ የማትጠጣ፣ በነፋስ ብቻ የምትቀዘቅዝ መኪና ናት። ሥራዋ በ1938 ተጀምሮ የመጨረሻዪቱ በ2003 ሜክሲኮ አገር ከፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ፣ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ከነዚያ ሁሉ ሚሊዮኖች አንዲቱ የእኔ ስለ ነበረች፣ ከመምህራን ሁሉ ሀብታም የሆንሁ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ የምትኖረው ሰላሌ ነው። ሁለቱም ዓይኖቿ በሞራ ስለ ተሸፈኑ፣ ሰውን በድምፁ ብቻ መለየት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ፣ ሐኪሙ በአንደኛው ዓይኗ ላይ ቀዶ ሕክምና እንዲያደርግላት ለሰኞ፣ ሐምሌ 15 ቀን፣ ከጧቱ 2 ሰዓት ቀጠሮ ተሰጣት። እኔም «እናቴን በራሴ መኪና ወስጄ በራሴ መኪና እመልሳታለሁ» ብዬ ተዘጋጀሁ።

ለዚሁ ስል ቅዳሜ ዕለት መኪናዪቱን በሰፈራችን ወዳለ ጋራዥ ወሰድኋት። ዐሥራ ሰባት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ዘይት ለወጠላት፣ ካንዴላዎቿን ፈትቶ ጠረገ፣ ፑንቲናዋንም አስተካከለ። ከጋራዡ እስከ ቤቴ እንደ ልብስ ስፌት መኪና እየዘመረች በደኅና አደረሰችኝ። ይህችን ነገር አንባቢ እንዲይዛት እለምናለሁ፤ እኔ ስላልያዝኋት ነው የተሳሳትሁት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሥራ ፈታሁ። እናቴ የምትሄድባት መኪና ከውስጥም ከውጭም የጸዳች እንድትሆን ብዬ፣ አካሏን ካጠብሁ በኋላ የኋላ ኮፈኗን ከፈትሁና በነጭ ጋዝ በነከርሁት ጨርቅ ሞተርዋን እወለውል ጀመር። ለረጅም ዘመን የተጋገረው ዘይትና አቧራ ሲለቅ ማየት ደስ ይላል። መሽቶ ዓይኔ ማየት እስኪያቅተው ድረስ ወለወልሁ።

ሰኞ ጧት ዝናብ እያካፋ ነው። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ከጐኔ ተቀምጣለች። ቁልፉን አዞርሁ፤ ተነሣች። እግሬን ከቤንዚን መስጫው ላይ ሳነሣ ጠፋች። እንደገና አስነሣኋት፤ እንደገና ጠፋች። በአምስተኛው ላይ አንድ ዘዴ ደረስሁበት፤ እግሬን ካላነሣሁ እየተንተፋተፈችም ቢሆን ትሠራለች። እንግዲያው እግሬን ሳላነሣ እሄዳለሁ አልሁና ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ቁልቁል ወደ ስድስት ኪሎ ጉዞ ጀመርሁ።

ይህን የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። መርገጫው ሦስት፣ እግሬ ሁለት። ለመቆም አንዱ እግር ፍሪሲዮን፣ ሌላው ፍሬን ሲረግጥ፣ ቤንዚን የሚሰጥ እግር አይኖርም። በእጅ ፍሬን እየያዝሁ ሁለት ቦታ አለፍሁ። ስድስት ኪሎ፣ ከየካቲት 12 ሐውልት አደባባይ ስደርስ ግን፣ አንድ አህያ ነጂ አህዮቹን እየነዳ ድንገት ፊቴ ገባ። ፍሬን ረገጥሁ፤ ሞተሩ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማሳጠር፣ ከኋላዬ ያሉት መኪኖች ሁሉ ጥሩምባ ነፉ። እኔም በእልክ ሞተሪኖውን ያለ ዕረፍት እስከዚያ ድረስ አሠራሁት፤ ባትሪው ደክሞ ድምፁ እንደሚያቃስት በሽተኛ ሆነ። መኪናው ውስጥ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ። አራት ተማሪዎች በዝናብ እየራሱ ገፉልኝ፤ ተነሣች፣ ጠፋች። በመጨረሻ መኪናዪቱን ከመንገድ ዳር ትቼ እናቴን በታክሲ ወሰድሁ። ስንደርስ ተራዋ አልፎ፣ በስሟ ፋንታ ሌላ ታማሚ ገብቶ ነበር። አዲሱ ቀጠሮ ለመስከረም መጨረሻ ሆነ። እናቴ ድምፄን ሰምታ መናደዴን ስላወቀች፣ «ግድ የለም ልጄ፤ ሁለት ዓመት የታገሠ ዓይን ሁለት ወር አያቅተውም» አለችኝ። እሷ እንዲህ ባለች ቍጥር የእኔ ንዴት ባሰ።

እናቴን ቤት አድርሼ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄድሁ። ልጁ ከአንድ ላንድሮቨር ሥር ተኝቶ ነበር፤ ጠርቼ አስወጣሁት። በሠራተኞቹና በደንበኞቹ ፊት ያልተናገርሁት ነገር የለም። እናቴ በእሱ ምክንያት ሳትታከም እንደ ቀረች፣ ሥራ የማያውቅ ሰው የሰው ንብረት መንካት እንደሌለበት፣ ይህንንና ይህን የመሰለውን ሁሉ አወረድሁበት። ልጁ በዘይት የጠቈረ እጁን ከኋላው አጣምሮ፣ «ጋሼ፣ እኔ ዘይቱን፣ ካንዴላውንና ፑንቲናውን ብቻ ነው የነካሁት» አለ። «ታዲያ ማን ነካው? ጅብ ነካው?» አልሁት። የጋራዡ ባለቤት ደንበኛ እንዳይሸሸው ብሎ፣ ልጁን ከነገ ጀምሮ እንዳይመጣ ነገረው። ልጁ ቱታውን አውልቆ፣ አጣጥፎ፣ በርሜል ላይ አስቀምጦ ወጣ። እኔም፣ ለማለት ያሳፍራል፣ ፍርድ ያገኘሁ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የሚያውቃቸውን አንድ አዛውንት መካኒክ ይዤ ወደ ስድስት ኪሎ ሄድሁ። ሽማግሌው የያዙት አንድ ካቻቪቴ፣ አንድ ፒንሳና አንድ ጨርቅ ብቻ ነው። ኮፈኑን ወዲያው ይከፍታሉ ስል፣ አልከፈቱም፤ ይጠይቁኝ ጀመር። «ቁልፉን ሲለቁ ነው የሚጠፋው ወይስ እግርዎን ሲያነሡ? ወዲያው ነው የሚጠፋው ወይስ ጥቂት ሠርቶ? ብርድ ሲሆን ነው ወይስ ሲሞቅ? ጭሱ ምን መልክ አለው?» እኔ እንደ ተማሪ እመልሳለሁ።

«ይስሙ መምህር» አሉኝ፤ «ሞተር ለመነሣት የሚፈልገውና ተነሥቶ ለመቆየት የሚፈልገው አንድ አይደለም። ተነሥቶ ከጠፋ፣ የመጀመሪያውን አግኝቶ ሁለተኛውን አጥቷል ማለት ነው። ያጣውን ለማወቅ መቼ እንደ ጠፋ ማወቅ ያስፈልጋል።»

ከዚያም እንዲህ ብለው አስረዱኝ። ሞተር የሚኖረው በነዳጅ፣ በአየርና በእሳት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በክብደት ሲመዘን ለአንድ እጅ ቤንዚን ወደ 15 እጅ የሚጠጋ አየር ይበቃዋል። በብርድ ግን ቤንዚኑ በደንብ ስለማይተን ብዙ ቤንዚንና ጥቂት አየር ይፈልጋል፤ ስለዚህ የአየር መዝጊያው ጠበብ ይላል። ከተነሣ በኋላ፣ እግር ሲነሣ፣ ዋናው የአየር በር ይዘጋል፤ ሞተሩም በደቂቃ ከ800 እስከ 900 ጊዜ ያህል እየዞረ የሚኖረው፣ በካርቡራቶሩ ውስጥ ባለች የመርፌ ዐይን በማታህል ቀዳዳ በምትንጠባጠብለት ቤንዚን ነው። መካኒኮች ሚኒሞ የሚሉት ይህንን ነው። እግር ሲረገጥ እየሠራ፣ እግር ሲነሣ የሚጠፋ ሞተር እሳትም ዋና ነዳጅም አልጐደለበትም፤ የጐደለበት ይህችው ጠብታ ናት።

ይህን ተናግረው ሲጨርሱ ኮፈኑን ከፈቱ። ወዲያው ግን ቀና ብለው አዩኝና፣ «ይህ ሞተር እንዴት ያበራል! ከጋራዥ ከወጣች በኋላ ማን ነካት?» አሉ።

«እኔ ጥቂት ወልውያት ነበር» አልሁ። እንዲህ ስል ድምፄ ሲያንስ ለራሴ ተሰማኝ።

ሽማግሌው እጃቸውን አግብተው አንዲት ቀጭን ሽቦ ከሌሎቹ መካከል መዝዘው አወጡ። ጫፏ ነፃ ሆና ተንጠልጥላለች። ከካርቡራቶሩ ጐን የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል፣ በኤሌክትሪክ የምትሠራ መዝጊያ አለች። ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪኩ ይደርሳታልና የሚኒሞዋን ቀዳዳ ትከፍታለች፤ ቁልፍ ሲዘጋ ቀዳዳዋን ትዘጋለች። የተሠራችውም ቁልፉ ከተዘጋ በኋላ የጋለ ሞተር በራሱ እየተንፈራገጠ እንዳይቀጥል ነው። ሽቦዋ ከተነቀለ ግን ቁልፉ ተከፍቶም ቢሆን ቀዳዳዋ እንደ ተዘጋች ትቀራለች። «ቁልፉን ይክፈቱና ጆሮዎን ያቅርቡ» አሉኝ። ሽቦዋን ከቦታዋ ሲያስነኩ «ጠቅ» አለች፤ ሲያነሡ ዝም፤ ሲያስነኩ «ጠቅ»። ከዚያ ሰክተው አጠበቋት። ባትሪው ስለ ደከመ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው ቁልቁለት ገፍተን አስነሣናት፤ እግሬን አነሣሁ፤ አልጠፋችም።

የነቀልኋት እኔ ነኝ። በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እናቴን ላስደስት ብዬ።

ሽማግሌው የእጃቸውን ዋጋ ለመቀበል እንኳ አልፈለጉም ነበር፤ «ሽቦ ለመሰካት?» ብለው ሣቁ። እስከ ቤታቸው ሳደርሳቸው የነገሩኝን፣ ከዚያም ወዲህ በሃያ ዓመት በላይ በራሴ ላይ ደርሶ ያረጋገጥሁትን፣ ለአንባቢ ጥቅም እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ሞተሩ ቁልፉን በምታዞሩበት ጊዜ ተነሥቶ፣ ቁልፉን ስትለቁት በዚያው ቅጽበት የሚጠፋ ከሆነ፣ ነገሩ የእሳት ነው። በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ፣ በማስነሣት ጊዜ ወደ ቦቢና የሚሄደው ኤሌክትሪክ በአንድ መንገድ፣ ከተነሣ በኋላ ደግሞ የኤሌክትሪኩን ኃይል በምትቀንስ በሌላ ሽቦ በኩል ይሄዳል። ይህች ሁለተኛዋ ከተቃጠለች ወይም የቁልፉ ማብሪያ ካረጀ፣ ሞተሩ እጅ ሲለቀው ይሞታል። ካርቡራቶር መፍታት ከንቱ ድካም ነው።

ጥቂት ሰከንድ ወይም አንድ ደቂቃ ያህል በደኅና ሠርቶ፣ እንደሚያንቀላፋ ሰው እየደከመ የሚጠፋ፣ ካረፈም በኋላ የሚነሣ ከሆነ፣ ነዳጅ አልደረሰውም። በካርቡራቶሩ ጽዋ ውስጥ ያለችውን ጨርሶ ነው የጠፋው። ፊልትሮው ተደፍኖ፣ ፓምፑ ደክሞ፣ ወይም ውሃ ገብቶ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜም ጥፋቱ የነዳጅ ቋቱ ክዳን ነው፤ የአየር ቀዳዳው ሲደፈን ነዳጁ ከቋቱ መውጣት ያቅተዋል። ክዳኑን ስትከፍቱ አየር «ፍስስ» ብሎ ከገባና መኪናው ከዚያ በኋላ ከሠራ፣ መድኃኒቱ ነፃ ነው።

ጧት በብርድ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ የአየር መዝጊያው ሳይጠብ ቀርቷል። ጥቁር ጭስ እያወጣ፣ ቤንዚን እየሸተተ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ መዝጊያው ተጣብቆ ቀርቷል፣ ወይም የአየር ፊልትሮው በአቧራ ታፍኗል። ከካርቡራቶሩ ሥር «ሲስስ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ከተሰነጠቀ ጎማ ወይም ካረጀ ማሸጊያ አየር እየሰረቀ ይገባል፤ ይህም ሚኒሞን ያጠፋል። በአዋሽ ሸለቆ ሐሩር ውስጥ ብዙ ተነድቶ፣ ቆሞ ከተነሣ በኋላ የሚጠፋ መኪና ቤንዚኑ በቧንቧው ውስጥ ተንኖበት ይሆናል፤ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ በፓምፑ ላይ ማድረግና ሩብ ሰዓት መታገሥ ነው።

የአገራችንም ከፍታ መዘንጋት የለበትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ካርቡራቶር ይህን አያውቅም፤ ለቈላ የተስተካከለው ደጋ ላይ ቤንዚን ያበዛል፣ ለደጋ የተስተካከለውም ድሬዳዋ ሲወርድ ቤንዚን ያሳንሳል።

መንገድ ላይ ሲጠፋባችሁ እኔ እንዳደረግሁት አታድርጉ። መኪናውን ከሰው መንገድ አውጡ። ሞተሪኖውን ከ10 ሰከንድ በላይ አታሠሩ፤ ግማሽ ደቂቃ እያሳረፋችሁ ሞክሩ። ቤንዚን በዝቶ ካንዴላው ከራሰ፣ ቤንዚን መስጫውን ሳትመላልሱ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ ይዛችሁ አስነሡ፤ አየሩ ያደርቀዋል። የሚንጠባጠብ ቤንዚን ካያችሁ ግን ቁልፉን ጨርሶ አትንኩ። በካርቡራቶር አፍ ቤንዚን እያፈሰሱ ማስነሣት ፊት የሚያቃጥል ሥራ ነው። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥም ሞተር አትሞክሩ፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣው መርዝ ሽታ የለውም፤ ሰውን ሳያስጠነቅቅ ይገድላል።

ዛሬ የብዙዎቻችን መኪና ካርቡራቶር የለውም፤ ቤንዚኑን የሚመጥነው ኮምፒዩተር ነው። ቢሆንም በሽታው ያው ነው። የአየሩ በር በጥቀርሻ ሲጣበቅ፣ አየር የሚለካው መሣሪያ ሲቆሽሽ፣ የአየር ጎማ ሲሰነጠቅ፣ የነዳጅ ፓምፑ ሲደክም፣ ተነሥቶ ይጠፋል። በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ጠፍቶ፣ የቁልፍ ሥዕል ያለባት መብራት ብልጭ ብልጭ ካለች ደግሞ፣ መኪናው ሌባ የመጣበት መስሎት ነው፤ ሌላውን ቁልፍ ሞክሩ። ከ1996 ወዲህ በአሜሪካ የሚሸጡ መኪኖች ሁሉ ሕመማቸውን የሚናገሩበት መሰኪያ ስላላቸው፣ መሣሪያ ያለው መካኒክ ቍጥሩን ያነብላችኋል። በጉዞ ላይ ከጠፋባችሁ ፍሬኑ ከአንድ ሁለት ርግጫ በኋላ፣ መሪውም ወዲያው እንደሚከብድ ዐውቃችሁ በኃይል ያዙ፤ ፍሬን የለም ብላችሁ አትደንግጡ።

ወደ ልጁ እንመለስ። እውነቱን ባወቅሁበት በዚያው ማታ ወደ ጋራዡ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድሁም። «ነገ» አልሁ፤ በነገውም «ሰው በበዛበት እንዴት ብዬ?» አልሁ። ልጁን ሰው በበዛበት መስደብ እንዳላፈርሁ፣ ይቅርታ ለመጠየቅ ግን ባዶ ጋራዥ አማረኝ። በአራተኛው ቀን እናቴ፣ «የመኪናህ ሕመም ምን ሆኖ ተገኘ?» አለችኝ። ነገርኋት። ጥቂት ዝም ብላ፣ «እኔስ ዓይኔ ታሞ ነው የማላየው፤ አንተን ምን ሸፈነህ?» አለች። በዚያው ተነሥቼ ሄድሁ።

ልጁ አልነበረም፤ ቤቱንም የሚያውቅ አልተገኘም። እየጠየቅሁ በሁለተኛው ሳምንት ሽሮ ሜዳ አካባቢ ከአንድ ጎሚስታ ዘንድ ጎማ ሲለጥፍ አገኘሁት። ሲያየኝ ደንግጦ ብድግ አለ። የሆነውን ሁሉ፣ ሽቦዋን፣ ጨርቁን፣ ነጭ ጋዙን ነገርሁት። ይቈጣል ብዬ ስጠብቅ በረጅሙ ተነፈሰ። «ጋሼ፣ እኔም እኮ ሳላውቅ ነክቼው ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር» አለኝ። ሥራውን እንዳሳጣሁት ዐውቅ ነበር፤ በገዛ እጁ ላይ ያለውን እምነት እንዳሳጣሁት ግን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ይዤው ሄጄ፣ በተሰደበበት ቦታ፣ በዚያው ሰው ፊት፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርሁ። የጋራዡ ባለቤትም መለሰው፤ የቀረበትን የሁለት ሳምንት ደመወዝ እኔ ከፈልሁ።

እናቴ በመስከረም መጨረሻ በዚያችው ቮልስዋገን ሄዳ ታከመች። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነበር፤ «ሸብተሃል» አለችኝ።

ልጁ ዛሬ ጐልማሳ ሆኖ የራሱን ጋራዥ ከፍቷል። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና መጠገን እየተማረ ነው። እነዚያ ሚኒሞ የሚባል ነገር የላቸውም። ቢሆንም፣ ደንበኛ «መኪናዬ እንዲህ ሆነች» ብሎ ሲመጣ፣ ኮፈን ከመክፈቱ በፊት ከሽማግሌው ሰምቼ ያስተላለፍሁለትን ጥያቄ ይጠይቃል፦ «በደኅና ከሠራችበት ቀን ወዲህ ማን ነካት?» አንባቢም መኪናው ተነሥቶ በጠፋ ጊዜ ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ሲጠይቅም ከራሱ እንዲጀምር እመክራለሁ።